በኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ስለሚገኘው ዕድገት

ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ በሁለተኛው ምዕራፉ ጌታችን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ እንደ ተገኘ ከጻፈ በኋላ፣ ወደ ናዝሬት ተመልሶ እየታዘዘ በጥበብና በቁመት በሞገስም ማደጉን ይነግረናል። አባቶቻችን የመጻሕፍት መምህራን በዚህ ንባብ ላይ ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ የሚናገሩት ሰፊ ነው፤ እርሱን ለጉባኤው ትተን እኛ ዛሬ ጥቂቱን ብቻ እንወስዳለን። ወንጌላዊው ቁመትን ለብቻው አልጠራውም፤ ጥበብን አስቀድሞ፣ ሞገስን አስከትሎ በመካከል አኖረው። ቁመት እህልና ጊዜ የሚሰጡት ነው፤ ሰው ተኝቶም በቁመት ያድጋል። ሌላው ዕድገት ግን ሰውየው ራሱ ካልነቃ የማይመጣ ስለ ሆነ፣ መቼና በምን ምክንያት እንደሚመጣ መመርመር የተገባ ነው። ደግሞም ብላቴናው በመምህራኑ መካከል በተገኘ ጊዜ ይሰማቸውና ይጠይቃቸው እንደ ነበር ተጽፏል፤ መስማቱ ከመጠየቁ በፊት መነገሩን ልብ ይሏል።

ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ያነሣሣን በየዓመቱ ከወላጆቻቸው ቤት ወጥተው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ወጣቶች ጕዳይ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረ ጊዜ ከፍተኛ ትምህርት ለጥቂቶች ብቻ የተከፈተ በር ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቍጥር ብቻ ከ40 በላይ ሆኗል፤ የጎጃሙ ልጅ ዲላ፣ የወላይታው ልጅ ጎንደር፣ የሐረሩ ልጅ ጅማ ተመድቦ ይሄዳል። በሩ ሰፋ ማለት ግን መግባቱ ቀለለ ማለት አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ተሰብስበው እንዲፈተኑ በተደረገ ጊዜ፣ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3 ነጥብ 3 ብቻ እንደ ነበሩ ይታወሳል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ቀርቶ የነበረው የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ተመልሶ፣ ተማሪው የሙያውን ክፍል ከመምረጡ በፊት ሒሳብንና እንግሊዝኛን፣ ሎጂክንና ሳይኮሎጂን፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን ታሪክ፣ እነዚህንም የመሰለውን ሁሉ በአንድነት የሚማርበት ዓመት ሆነ። ተማሪዎቹ ይህን ዓመት በእንግሊዝኛው ስም «ፍሬሽማን» ይሉታል። ቃል በቃል ሲተረጐም አዲስ ሰው ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ያሰቡት ጀማሪ ተማሪን ብቻ ቢሆንም፣ ለክርስቲያን ጆሮ ከዚያ የጠለቀ ነገር ይዟልና ኋላ እንመለስበታለን።

ይህ ዓመት ከሌሎቹ ዓመታት በምን ይለያል? መልሱ በመማሪያ ክፍሉ ውስጥ ብቻ የሚገኝ አይመስለንም። ልጁ እስከዚያ ቀን ድረስ ጠባቂ ነበረው። ማለዳ የምትቀሰቅሰው እናቱ ነበረች፤ ሲያመሽ የሚጠይቀው አባቱ ነበር፤ በመንገድ ላይ ቢሳደብ ጎረቤት ይቈጣው ነበር፤ እሑድ ከቅዳሴ ቢቀር የነፍስ አባቱ «ምነው አጣሁህ?» ይሉት ነበር። ጾሙን የጾመው ቤቱ ስለ ጾመ ነው፤ ማታ ያጠናውም አባቱ አጠገቡ ስለ ተቀመጠ ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን መልካምነቱ የልጁ ነው ወይስ የቤቱ? ሁለቱ እስኪለያዩ ድረስ ይህን ልጁም አያውቀው፣ ወላጁም አያውቀው። አሁን ሻንጣውንና ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ከማያውቃቸው ከአምስት ከስድስት ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ተደራራቢ አልጋ ተሰጥቶት ያድራል። በማግሥቱ የሚቀሰቅሰው የለም። መጽሐፉን ባይገልጥ የሚጠይቀው የለም፤ ቢጠየቅም በሴሚስተሩ መጨረሻ ነው። ረቡዕና ዓርብ በካፌው ምን እንደሚበላ የሚመለከት የነፍስ አባት የለም። ሌሊቱን በስልክ መስኮት ላይ አፍጥጦ ቢያነጋ «ተኛ» የሚለው የለም።

ዕድገት የሚባለው ነገር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ከቤት የተቀበሉትን በገዛ እጅ መያዝ ወይም መጣል የሚቻለው ማንም በማያይበት ቦታ ነውና። ዮሴፍ በአባቱ ቤት ሳለ የተወደደ ልጅ ነበር፤ ኅብር ያለው ልብስም ነበረው፤ ንጽሕናው ግን የታወቀው በጲጥፋራ ቤት ነው። በዚያ አባት የለ፣ ወንድም የለ፣ ወደ ከነዓን ወሬ የሚያደርስ የለ። «ያዕቆብ ምን ይለኛል» የሚለው ፍርሃት በዚያ አገር ዋጋ አልነበረውም፤ የቀረው በእግዚአብሔር ፊት መቆሙ ብቻ ነበር።

እኛም በልጅነታችን በአብነት ትምህርት ቤት ስላደግን ይህ ነገር እንግዳ አይሆንብንም። ንባቡንና ዳዊቱን በመንደራችን ደብር ጨርሰን ለቅኔ ወደ ሌላ አገር በወጣን ጊዜ የተቀበለን ዘመድ አልነበረም። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በበትር ውሻ እየተከላከሉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቍራሽ መለመን፣ ከጓደኛ ጋር ጎጆ ቀልሶ ማደር የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ይህ ነበር። ማታ ማታ የኔታ ቅኔ ያስነግራሉ፤ ጀማሪው ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ቈጥሮ ይቀርባል። ሁለት ቤት ብቻ ናት! ቢሆንም ጀማሪው ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውልባታል፤ ማታም በጉባኤው ፊት በተናገራት ጊዜ በመምህሩ አንድ ቃል ትፈርሳለች። በማግሥቱ ሌላ ይቈጥራል፤ እርሷም ትፈርሳለች። ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ፣ ከዘአምላኪየ ወደ ሚበዝኁ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ለመድረስ መንገዱ ረጅም ነው። በመንደሩ «ዳዊት ደጋሚ» እየተባለ የተመሰገነው ልጅ በቅኔ ቤት ከሁሉ በታች ሆኖ ይጀምራል፤ በዋሸራም ቢሆን በጎንጅ፣ በዋድላም ቢሆን ከዚህ የሚያመልጥ የለም። ዛሬ ያንን የቍራሽ ኑሮ አብዝተው የሚያሞግሱ ሰዎች አሉ። እኛ ረኃብ በራሱ ሰውን ያሳድጋል ብለን አናምንም፤ ከጓደኞቻችን በበሽታ ተሰናክለው የቀሩ ነበሩና። ያሳደገን ከሁሉ በታች መቀመጥን መልመዳችን ነው፤ ቅኔያችን በፈረሰች ማግሥት እንደ ገና ከዛፏ ሥር መቀመጣችን ነው።

ከእኛ ታሪክ ይልቅ ግን በ4ኛው መቶ ዓመት የነበሩ የሁለት ተማሪዎች ታሪክ ለዚህ ነገር የተሻለ ምስክር ይሆናል። ባስልዮስና ጎርጎርዮስ ሁለቱም የቀጰዶቅያ ሰዎች ናቸው። ባስልዮስ በስሙ የሚጠራውን ቅዳሴ የምንቀድስለት የቂሳርያ ሊቀ ጳጳስ ነው፤ ጎርጎርዮስም ነባቤ መለኮት የተባለው የእንዚናዙ ሰው ነው። በሥዕል የምናያቸው ጽሕማቸው ወርዶ፣ መጽሐፍ በእጃቸው ይዘው ስለ ሆነ፣ እነርሱም አንድ ጊዜ በሰው አገር ግራ የገባቸው ወጣቶች እንደ ነበሩ እንረሳለን። ጎርጎርዮስ ባስልዮስ ካረፈ በኋላ ባደረገው የመታሰቢያ ንግግር በአቴና የተማሩበትን ዘመን በሰፊው ተርኮታል።

አስቀድሞ የደረሰው ጎርጎርዮስ ነው። ከእስክንድርያ ወደ ግሪክ አገር ሲሻገር በቆጵሮስ አጠገብ ታላቅ ማዕበል ተነሣበት፤ ገና አልተጠመቀም ነበርና ከባሕሩ ሞት ይልቅ ያለ ጥምቀት መሞቱ አስፈርቶት ራሱን ለእግዚአብሔር ተሳለ። ባስልዮስ በቂሳርያና በቍስጥንጥንያ ተምሮ ቆይቶ መጣ። በዚያን ጊዜ የአቴና መምህራን በተማሪ ብዛት ይፎካከሩ ስለ ነበር፣ ነባሮቹ ተማሪዎች በየወገናቸው ተከፍለው መንገዱንና ወደቡን ይዘው አዲስ መጪውን ይሻሙበት ነበር። ከዚያም በቀልድና በክርክር ያዋክቡታል፤ ሁለት ሁለት ሆነው በገበያ መካከል አሰልፈው ወደ መታጠቢያ ቤት ይወስዱታል፤ በደረሱም ጊዜ እየጮኹና እየዘለሉ በሩን እየደበደቡ ያስፈራሩታል፤ በመጨረሻ ያስገቡትና ከዚያ ወዲህ እንደ እኩያ ይቈጥሩታል። ጎርጎርዮስ ስለ ባስልዮስ ጭምትነትና ዕውቀት ለጓደኞቹ አስቀድሞ ተናግሮ ከዚህ ሁሉ አዳነው። እነዚህ ሁለቱ ሊቃውንት ዕድሜ ልክ የኖሩበት ወዳጅነት የተጀመረው አንድ ነባር ተማሪ ለአንድ አዲስ ተማሪ ባደረገው በዚህ ደግነት ነው። በየግቢው ያላችሁ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ሆይ፣ ሻንጣውን ይዞ ከበር ላይ የቆመውን ልጅ መሳቂያ ማድረግም፣ ክፍሉን አሳይቶ ውኃ ማጠጣትም በእጃችሁ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ይበልጥ የሚያስተምር ነው። ከአርመን አገር የመጡና ባስልዮስን ቀድሞም የሚያውቁት ተማሪዎች በአዲሱ ሰው ክብር ቀንተው በክርክር ሊያሳፍሩት ተነሡ። ጎርጎርዮስ የአቴና ተማሪዎች ስም እንዳይዋረድ አስቦ በመጀመሪያ ከእነርሱ ጋር ቆመ። ክርክራቸው ከቅንዓት የመነጨ መሆኑን ባወቀ ጊዜ ግን ወዲያው ተመልሶ ከባስልዮስ ጋር ሆነ። ይህን ከብዙ ዓመት በኋላ ጳጳስ ሆኖ ሳለ በሕዝብ ፊት ሲተርክ አልደበቀውም። ወገን ይዞ መቆም ለወጣት ቀላል ነገር ነው፤ በክርክሩ መካከል ቆም ብሎ «የያዝነው እውነት ነውን?» ብሎ ወደ ማዶ መሻገር ግን ከሽማግሌዎችም ብዙዎች ሳይችሉት ያረፉበት ነው።

ይህን ስንጽፍ በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪዎች መካከል በብሔር ስም የተነሣውን ጠብ እናስባለን። ልጆች ሞተዋል፤ ሌሎችም ትምህርታቸውን አቋርጠው ሸሽተው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ለዲግሪ የላከው ልጁ በሣጥን ለተመለሰለት አባት ምን ብለን እናጽናናው? በዚያች ሌሊት ከእርሱ አልጋ በላይ በተደራራቢው አልጋ የሚተኛውን ልጅ ስም ረስቶ የወገኑን ስም ብቻ ያስታወሰ ተማሪ፣ ሎጂኩን በሙሉ ቢያልፍም ያለፈው ትምህርት የለም። በአንጻሩ ደግሞ ያችን ሌሊት ጓደኛቸውን በክፍላቸው ደብቀው በር ዘግተው ያደሩ እንደ ነበሩ ከልጆቹ አፍ ሰምተናል። እነርሱን ማን አስተማራቸው? ምናልባት በጥቅምት ወር ከእናቱ የተላከለትን በሶ ለክፍሉ ልጆች ማካፈሉ ይሆናል፤ ምናልባት በጓደኛው ቋንቋ «እንደምን አደርህ» ማለትን መማሩ፣ የጓደኛውንም እናት በስልክ ሰላም ማለቱ ይሆናል። በአንድ ክፍል ስድስት ሆኖ ማደር ለሚያውቅበት ሰው ትልቅ ጉባኤ ቤት ነው።

ባስልዮስ አቴናን ብዙ ተስፋ አድርጎ መጥቶ ነበርና፣ ያ ሁሉ በሆነበት ጊዜ አዘነ፤ የተወራላት ደስታ ባዶ ሆና አገኛት። የተሳሳተ ቦታ የመጣ መሰለው። በኅዳር ወር በየዶርሙ ትራሳቸው ውስጥ ፊታቸውን ቀብረው የሚያለቅሱ ልጆች ሁሉ ይህን ኀዘን ያውቁታል። ጎርጎርዮስም አልገሠጸው፣ አላሞገሰውም፤ የሰው ጠባይ በአጭር ጊዜ እንደማይታወቅ፣ ትምህርትም እንዲሁ በጥቂት ቀን ሙከራ እንደማይመዘን አስረድቶ አረጋጋው። ከዚህ የሚበልጥ ምክር ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሊሰጥ ይችላል ብለን አናስብም።

በአንድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ባለች ቤተ ክርስቲያን ስናገለግል አንዲት ተማሪ መጥታ ያጫወተችንን እዚህ ላይ እናነሣለን፤ ስሟንና አገሯን ሳንገልጽ ነገሩን ለሌሎች እንድናካፍል ፈቅዳልናለች። በአገሯ ትምህርት ቤት ከክፍሏ አንደኛ ትወጣ የነበረች ልጅ ናት። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት በወጣ ጊዜ በሁለት ትምህርት ወድቃ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። እናቷ እንጀራ እየሸጡ ያስተምሯታል። በስልክ በጠየቋት ቍጥር «ደኅና ነኝ፣ ውጤቱ ገና አልተለጠፈም» እያለች ሁለት ወር አሳለፈች።

«አባ፣ እስከ ዛሬ ጐበዝ ያሉኝ ሁሉ ዋሽተውኝ ነው እንዴ?» አለችን።

የባስልዮስን የአቴና ኀዘን ነገርናት። እርሷ ግን፣ «እሱማ ቅዱስ ባስልዮስ ነው፤ እኔ ማን ነኝና?» አለች።

«ልጄ፣ በዚያን ጊዜ ቅዱስ ባስልዮስ እንደሚባል ማንም አልነገረውም» አልናት።

ጥቂት ዝም ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ሄዳ ወደ እናቷ ደወለች። እኛ ራቅ ብለን ቆምን። ተመልሳ እንደ ነገረችን እናቷ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ ስለ ውጤቱ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ «ሁለት ወር ሙሉ ይህን ብቻሽን ተሸክመሽው ነበር?» ብቻ አሏት። ልጅቱ በሚቀጥለው ዓመት የወደቀችባቸውን ትምህርቶች ደግማ አለፈች፤ ቀስ እያለችም ጨረሰች። ወዳጆቿ «ያደገችው ውጤቷ በተስተካከለ ጊዜ ነው» ይላሉ። በእኛ አስተያየት ግን ያደገችው ከወይራው ሥር በቆመችበት ሰዓት ነው። እናቷ ሊያዩባት በማይችሉበት፣ ውሸቱም ገና ብዙ ወር ሊዘልቅ በሚችልበት ቦታ እውነቱን መርጣለችና።

ወደ አቴና እንመለስ። ባስልዮስና ጎርጎርዮስ ከዚያ ወዲያ በአንድ ቤት አደሩ፣ በአንድ ማዕድ በሉ። የሚያውቁት መንገድ ሁለት ብቻ እንደ ነበረ ጎርጎርዮስ ይናገራል፤ የሚበልጠው ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መምህራነ ሃይማኖት የሚወስደው፣ ሁለተኛውም ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው ነበር። ወደ ዘፈኑና ወደ ግብዣው የሚወስደውን መንገድ ለሚፈልጉት ተዉት። ጓደኛም ሲመርጡ ጠበኛውን ትተው ሰላማዊውን ያዙ፤ ጤነኛ ሰው ለበሽተኛ ጤናውን ከሚያካፍል ይልቅ በሽታው ቶሎ እንደሚጋባ ያውቁ ነበርና። በዚያችው ከተማ በ355 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አንድ ሌላ ተማሪ ነበረ፤ የንጉሥ ቤተ ሰብ ሲሆን በክርስትና ያደገ፣ መጽሐፍ ወዳድ፣ አእምሮው የተሳለ ወጣት ነበር። እርሱም ዩልያኖስ ነው። በ361 ዓ.ም. በነገሠ ጊዜ ክርስትናውን በግልጽ ጥሎ ጣዖት ማምለክን መለሰ፤ ክርስቲያን መምህራንም የግሪኮችን መጻሕፍት እንዳያስተምሩ ከለከለ፤ በ363 ዓ.ም. በፋርስ ጦርነት ሞተ። አየሩም ከተማውም ለሦስቱ አንድ ነበር። ባስልዮስ ግን ከዚያው ትምህርት ወጥቶ በቂሳርያ ረኃብ በገባ ጊዜ የባለጠጎችን ጎተራ በስብከቱ አስከፍቶ ድኆችን የመገበ፣ ለበሽተኞችና ለእንግዶች ማረፊያ ቤት የሠራ ሰው ሆነ።

እንግዲህ «ወደ ኮሌጅ የገባ ልጅ ሃይማኖቱን ይጥላል» እያሉ የሚፈሩ ወላጆች፣ «የተማረ ሰው ሁሉ አደገ» የሚሉም ሰዎች ሁለቱም ችኩሎች ናቸው። ባስልዮስ ራሱ ኋላ ለወጣቶች በጻፈው ምክር የግሪኮችን መጻሕፍት እንዲያነቡ እንጂ እንዲሸሹ አላዘዘም። ሙሴ የግብፃውያንን ጥበብ፣ ዳንኤል የከለዳውያንን ትምህርት አስቀድመው እንደ ተማሩ አስታወሰ፤ ንብንም በምሳሌ አቀረበ። ንብ ወደ አበባው ሁሉ እኩል አትሄድም፤ የሄደችበትንም እንዳለ ነቅላ አትወስድም፤ ለሥራዋ የሚሆነውን ቀስማ ሌላውን ትተዋለች። ዳንኤልንም ብናይ የከለዳውያንን ቋንቋ ተማረ፣ ብልጣሶር የሚለውን ስም ሰጡት፣ በቤተ መንግሥታቸው አገለገለ፤ ከማዕዱ ግን አልበላም። እንቢታውን እንኳ በጩኸት አላደረገውም፤ ሹሙን ለምኖ የዐሥር ቀን ፈተና ጠየቀ። ሁሉን የሚቀበል ተማሪና ሁሉን የሚጥል ተማሪ ከመምረጥ ድካም ያመለጡ ናቸው። በሳይኮሎጂ ወይም በሎጂክ ክፍል የሰማው ነገር እምነቱን ያናወጠበት ልጅ ጥያቄውን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢመጣ፣ «ይህን አትጠይቅ» የሚሉ ካህናት መኖራቸው ያሳዝነናል። ሕፃኑ ጌታ በመቅደስ ተቀምጦ ሲጠይቅ የአይሁድ መምህራን እንኳ ተደነቁ እንጂ አላባረሩትም። ልጁም በበኩሉ መልሱን በአንድ ከሰዓት በኋላ ካላገኘ ጨርሶ የለም ማለት አይገባውም፤ ዕጣነ ሞገር ያልቈጠረ ተማሪ ቅኔ የለም እንደማይል ሁሉ።

አሁን ደግሞ ዕድገት ስለሚመስል ነገር ጥቂት እንናገር። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ነገር በፍጥነት ይለወጣል፤ ጠጕር ይለወጣል፣ አለባበስ ይለወጣል፣ አነጋገር ይለወጣል። በሁለት ዐረፍተ ነገር መካከል አንድ የእንግሊዝኛ ቃል መጣል እንደ ማዕርግ ይቈጠራል። ይህ እንኳ የወጣትነት ነገር ስለ ሆነ አያስቈጣንም፤ እኛም ቅኔ በጀመርንበት ወራት ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች በግእዝ ሰላም እንል ነበር። የሚያሳዝነው ልጁ ለዕረፍት ተመልሶ የአባቱን አነጋገር ሲያርም፣ እናቱ ያቀረበችለትን ምግብ በሁለት ጣት ሲያገላብጥ ማየት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ አሮጌውን ሰው አውልቀው አዲሱን ሰው እንዲለብሱ ይመክራቸዋል፤ ምን እንደሚወልቅም ራሱ ዘርዝሯል፤ ውሸት ነው፣ ቍጣ ነው፣ ስርቆት ነው፣ ክፉ ንግግር ነው። የአባትን ጋቢ ከሚወልቁት ውስጥ አልቈጠረውም። ፍሬሽማን የተባለ ተማሪ በስሙ ቢጠራ፣ አዲስነቱ ከዚህ ዝርዝር ጋር ይመዘናል። በፈተና ላይ ሳይኮርጅ መቅረቱ፣ ከክፍሉ ልጅ ጋር ተጣልቶ ፀሐይ ሳይገባ መታረቁ፣ ከጓደኛው ሣጥን ላይ የተረሳውን ብር ሳይነካ ማደሩ አዲስ ሰው መሆን ነው። እነዚህ ግን በሪጅስትራር መዝገብ ላይ ስለማይጻፉ ማንም አያጨበጭብላቸውም።

ለወላጆችም አንድ ነገር ማለት ይገባናል። በግ ሸጣችሁ፣ ከእህል ቀንሳችሁ በቴሌብር የምትልኩት ገንዘብ ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ልጆቹም አብዛኞቹ ያውቃሉ። ስለዚህ በየስልኩ ማስታወስ አያስፈልግም። ስንቱ ልጅ ውጤቱን የሚደብቀው ከስንፍና ሳይሆን በጉ ትዝ እያለው ነው። ያ የሁለት ወር ዝምታ በልጁ ላይ ሲጸና ሌላ ዝምታ ይወልዳል፤ ከዚያም የመጠጡ፣ የጫቱና የቍማሩ ወሬ ይከተላል። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ውጤት የሌለበት ወሬ አውሩ፤ ላሟ ወልዳ እንደ ሆነ ንገሩት፣ የደብሩ ክብረ በዓል እንዴት እንደ ዋለ ንገሩት፣ ከማን ጋር እንደሚያድር ጠይቁት።

በሰኔ ወይም በሐምሌ ልጁ ለዕረፍት ሲመጣ ምናልባት ከሌላ አገር የመጣ፣ ቋንቋችሁን በቅጡ የማይናገር ጓደኛ ይዞ ይመጣል። ጎረቤት «ይህ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» ቢል አትፈሩ። ለሁለቱም የእጅ ውኃ አስቀርቡላቸው፤ እንግዳው ማዕዱን እንዲባርክ ጋብዙት፤ የማያምንበት ቢሆን ልጃችሁ ይባርክ፤ የእናቱንም ስም ጠይቃችሁ ያዙ። ስለ ውጤቱ ቡናው ከተጠጣ በኋላ ይጠየቃል።